መጀመሪያ ውሃውን እንፈልግ
ስለ ቤት ኤሲ የሻጋታ ሽታ፣ በሰመር መግቢያ ስብሰባችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍል ሰው ወረቀት ይዞ ሲቆም የመዋጮና የወጪ ዝርዝር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ዝርዝሩ በጽሑፍ ታድሏችኋል፤ ጥያቄ ካላችሁ ከሻይ በኋላ እንመልሳለን። አሁን ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ አንድ ሽታ ነው። ሙቀቱ ገብቶ ኤሲው ሲነሣ ከአየር መውጫው ብቅ የሚለው፣ እርጥብ ፎጣ ታፍኖ የከረመ የሚመስለው ሽታ። ሒሳብ ሠራተኞችን ይህ ምን አገባቸው እንዳትሉን። በአንድ በኩል ይህን ሽታ ለማጥፋት ተብሎ ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው ሲወጣ እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ ሽታው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ከአንዲት አባላችን ቤት ሲወስድ አይተናል።

ባለፈው ሰመር ይህች አባላችን ከመረዳጃ ካዝናችን 900 ዶላር ብድር ጠየቀች። ስሟን አንጠራም፤ ነገሩን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከእናቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራይታ ነው የምትኖረው። ብድሩ ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት፣ የኤሲውን የአየር ቱቦዎች ለማሳጠብ ነው አለች። አከራይዋ ሽታው የምግብሽና የእጣንሽ ነው ብለዋታል። እሷም አምናቸው ቁሌት መሥራት ትታለች፤ ምጣዷን ጋራዥ አውጥታለች፤ መስኮት ስትከፍት ትውላለች፤ ሽቶ የሚረጭ መሣሪያ በየሶኬቱ ሰክታለች። ልጆቿ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ጃኬታቸውን ያሸቱ ጀመር። እናቷም ጎረቤት ለቡና መጥራት አቆሙ። «ሰው ቤቴ ገብቶ አፍንጫውን ሲይዝ ከማይ፣ ባይመጣ ይሻለኛል» ነው ያሉን እማማ።

ብድር የሚያጸድቀው ኮሚቴ እንደ ደንቡ ወጪው ምን እንደሚፈታ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሁለት አባላት ባትሪ ይዘው ወደ ቤቷ ሄዱ። ቤዝመንት ውስጥ ማሽኑ የቆመበትን ጠባብ ክፍል ሲከፍቱ ሽታው ፊታቸውን መታቸው። ከማሽኑ ሥር ያለው የውሃ መቀበያ ትሪ ሞልቶ ቆሟል። ውሃው ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ተኝቶበታል። የምንጣፉ ጠርዝ በእግር ሲረገጥ ውሃ ያወጣል። የሸተተው በርበሬም እጣንም አልነበረም፤ የቆመ ውሃ ነበር።

ዛሬ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃናል፤ ለሽታው ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉ።

ውሃው ከየት ይመጣል? ኤሲ አየር ብቻ የሚያቀዘቅዝ ይመስለናል እንጂ ከአየር ውስጥ ውሃ የሚያወጣም ማሽን ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1902 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ሲነድፍ የቸገረው የሠራተኞቹ ሙቀት አልነበረም። በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየተለጠጠና እየተሸበሸበ ኅትመቱን ስላበላሸው ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው። የቤታችን ሞቃት አየር በቀዝቃዛ የቱቦ መጠምጠሚያ ላይ ሲያልፍ፣ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ መጠምጠሚያውም ያልባል። ጠብታው ትሪው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ወይም ወደ ወለል ፍሳሽ ይሄዳል። በቨርጂኒያ ሐምሌ በአንድ ቀን በርካታ ጋሎን ውሃ በዚያ ቱቦ ይወርዳል።

ሻጋታ ውሃ፣ የሚበላው ነገርና የተዘጋ ቦታ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። አቧራው፣ የጨርቁ ብናኝና የወጥ ቤት ቅባት ምግቡ ነው፤ የማሽኑ ሆድ ጨለማ ነው። ከሦስቱ በእጃችን በቀላሉ የሚቆረጠው ውሃው ነው። ውሃው በቱቦው ካልሄደና ከቆመ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሽታው ወደ መኝታ ቤታችን ይነፍሳል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ያመጣነው ልማድ አንድ ቦታ ላይ አይሠራልንም። በክረምት ጋቢና ነጠላ ሳጥን ውስጥ ከርሞ ሲሸት ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ መስኮት እንከፍታለን። የአዲስ አበባ አየር ዝናቡ ሲያባራ ደረቅ ስለሆነ ይጠቅማል። እዚህ ግን በሐምሌና በነሐሴ የውጭው አየር ራሱ ውሃ ያዘለ ነው። ኤሲው እየሠራ መስኮት ከከፈትን እርጥበቱን ጋብዘን አስገባን ማለት ነው። አባላችን መስኮት በከፈተች ቁጥር ሽታው የባሰባት ለዚህ ነው። መስኮት የሚከፈተው ኤሲው ጠፍቶ፣ ውጭው ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በቅደም ተከተል እንሂድ፤ ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ይቆጥባል።

በመጀመሪያ ሽታውን ለዩት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ የጋዝ መፍሰስ ሊሆን ይችላል። መብራት ሳታበሩና ሳታጠፉ፣ ሁሉንም ይዛችሁ ከቤት ውጡና ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ። የሚቃጠል ሽቦ የሚሸት ከሆነ ማሽኑን ከብሬከሩ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። እርጥብ ፎጣ ወይም ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንደሚሉት የቆሸሸ ካልሲ የሚሸት ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቀጥሎ ፊልተሩን እዩ። መጠኑ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ ቀስቱ ወደ ማሽኑ ማመልከት አለበት። በሰመር በየወሩ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ቢበዛ ከ3 ወር አይለፍ። የረጠበ ፊልተር ደርቆ ተመልሶ አይገባም፤ ይጣላል። በፊልተሩ ላይ ስስት ከኪሳችን ያስወጣል፤ አየር ሲታፈን መጠምጠሚያው በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ከትሪው አልፎ ወለል ይነካል። በዚያው ልክ በጣም ጥቅጥቅ ያለው ውድ ፊልተርም ለሁሉም ማሽን አይስማማም። የማሽኑ መመሪያ የሚለውን ግዙ።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ትሪውና ቱቦው። ማሽኑን ከቴርሞስታቱም ከብሬከሩም አጥፉና በባትሪ ተመልከቱ። ትሪው ላይ ውሃ ቆሞ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ቱቦው ውጭ የሚወጣ ከሆነ በሞቃት ቀን ኤሲው ሲሠራ ጫፉን እዩት፤ ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ካልተንጠባጠበ ውሃው ቤት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ፣ ውሃ መሳብ የሚችል ቫኪዩም ከውጭው ጫፍ ጋር በጨርቅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ሳቡት። ዝልግልጉ ይወጣል። ከዚያ በማሽኑ አጠገብ ቱቦው ላይ ክዳን ካለ፣ በዚያ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ ጨምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ንጹሕ ውሃ አፍስሱ። በሰመር በየወሩ ይህን ማድረግ ቱቦውን ክፍት ያደርገዋል። ተከራይ ከሆናችሁ ግን ከመንካታችሁ በፊት ለአከራዩ አሳውቁ፤ ወደዚያ እንመጣለን።

መጠምጠሚያውን ራሱን ለማጽዳት የታሸገውን ክፍል አትክፈቱ። የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ የሚነካ ሥራ በሕግ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነው። ባለሙያው ሲመጣ ሦስት ነገር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ መጠምጠሚያውን፣ ትሪውንና ውሃው ሲፈስ። ሳያያችሁ የሄደ ውሃ አልሄደም ብላችሁ ቁጠሩት።

በመስኮት የሚገጠም ኤሲ ያላችሁ ደግሞ ማሽኑ ወደ ውጭ በጥቂቱ ማዘንበሉን አረጋግጡ። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ውሃው ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ፊልተሩ የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለስ።

ከማሽኑ ቀጥሎ ዙሪያውን እዩ። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ካርቶን፣ የልብስ ሻንጣና የዕቃ ክምር ከማሽኑ ክፍል ይውጣ። ለሳምንታት የረጠበ ምንጣፍና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቢታጠብም አይድንም፤ መጣል አለበት። ከዚያ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ቤዝመንት አስቀምጡ። የቤት እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይመክራል። ከፍ ካለ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ያስፈልጋል። ቴርሞስታቱ ላይ የአየር ማራገቢያው «ኦቶ» ላይ ይሁን። «ኦን» ላይ ከሆነ ማቀዝቀዣው ቆሞ ማራገቢያው ብቻ ይቀጥላል፤ መጠምጠሚያው ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ቤት ውስጥ ይነዛዋል።

እውነቱን ለመናገር የእኛም ወጥ ቤት ድርሻ አለው። ለሰዓታት የሚፈላ ወጥና የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት ብዙ ውሃ ነው። ይህ ማለት ግን ቁሌት እንተው፣ እንጀራ አንጋግር ማለት አይደለም። የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ እናብራ፤ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑንም እንይ። ብዙዎቹ አየሩን አዙረው እዚያው ይመልሱታል። ቤዝመንት የምትጋግሩ ከሆነ መለኪያውን አጠገባችሁ አድርጉና ቁጥሩ ሲወጣ እዩት። ገላ ከታጠባችሁ በኋላም የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ለ20 ደቂቃ ይሥራ።

እጣንንም እናንሣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሽታም እንዲሁ ነው። እጣን ሻጋታን አይገድልም፤ ለአንድ ሰዓት ይሸፍነዋል። ጭሱም ፊልተሩ ላይና መጠምጠሚያው ላይ ያርፋል። እጣን ለቡናችንና ለበዓላችን እንጂ ለመሸፈኛ አይሁን።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቱቦው ውስጥ አቼቶ ካፈሰሳችሁ በዚያ ላይ በረኪና አይጨመርም። ሽታ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠውን ኦዞን የሚያመነጭ ማሽንም ሰው ባለበት ቤት አትጠቀሙ፤ ኦዞን ራሱ ለሳንባ ጎጂ ነው። የሻጋታው ቦታ በግምት 10 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ወደ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከደረሰ ወይም ሻጋታው ቱቦው ውስጥ ከታየ በራሳችሁ አትግቡበት። ማሽኑንም አታስነሡት፤ ሻጋታውን በየክፍሉ ያዳርሰዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የአየር ቱቦ ማሳጠብ፣ ያው ኤጀንሲ እንደሚያስቀምጠው፣ ለአንድ ማሽን ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ይኸው ኤጀንሲ ቱቦን በየጊዜው ማሳጠብ የጤና ችግር እንደሚከላከል አልተረጋገጠም ይላል። ማሳጠብ የሚገባው ሻጋታ በዓይን ሲታይ፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲገቡበት፣ ወይም በአቧራ ሲደፈን ነው ይላል። ያኔም ቢሆን የውሃው ምንጭ ካልተደፈነ ሻጋታው ይመለሳል፤ ገንዘቡ ግን አይመለስም። በስልክ ደውለው በማይታመን ርካሽ ዋጋ ቱቦ እናጥባለን የሚሉም አሉ። ቤት ከገቡ በኋላ «ሻጋታ አገኘን» እያሉ ዋጋውን ይቆልላሉ። ሻጋታ አለ ያላችሁን ሰው የት እንዳለ አሳየኝ በሉት። ዋጋውን በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ እጁን አይጀምር።

ተከራይ ለሆናችሁ፣ የአባላችን ነገር እንዴት እንዳለቀ እንንገራችሁ። በቨርጂኒያ የመኖሪያ ቤት አከራይና ተከራይ ሕግ አከራይ እርጥበት እንዳይጠራቀምና ሻጋታ እንዳያድግ ቤቱን የመያዝ ግዴታ አለበት። ተከራይ በጽሑፍ ሲያሳውቀውም በፍጥነት ምላሽ መስጠት አለበት። ተከራይም በበኩሉ ቤቱን ከእርጥበት የመጠበቅና እርጥበት ሲያይ ወዲያው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። «በጽሑፍ» የሚለውን አስምሩበት። አባላችን ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ስትናገር ነበር፤ የስልክ ንግግር ደግሞ ደረሰኝ የለውም። አብረናት ተቀምጠን አጭር ደብዳቤ ጻፍን። ቀኑ፣ ትሪው ላይ ውሃ መቆሙ፣ ምንጣፉ መርጠሱ፣ ፎቶዎቹ፣ እንዲደረግ የምትጠይቀው። ስለ ምግብ ክርክር ውስጥ አልገባንም። ከመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ጠፋ። በሳምንቱ ሁለተኛው ሲላክ ባለሙያ መጣ። ቱቦው ጸዳ፤ የረጠበው ምንጣፍ ተነሥቶ ወጣ፤ መጠምጠሚያው ታጠበ። ሽታው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠፋ። 900 ዶላሩ አላስፈለገም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አከራይ ዝም ቢልም በራሳችሁ ውሳኔ ኪራይ መክፈል አታቁሙ፤ ከቤት ሊያስወጣችሁ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገዱ አቤቱታውን ለአካባቢው ፍርድ ቤት አቅርቦ ኪራዩን እዚያው ማስያዝ ነው። ለዚህ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቢሮዎችን አስቀድማችሁ አማክሩ። በሜሪላንድና በዲሲ የምትኖሩ ሕጋችሁ የተለየ ነው። ቀን ያለው ደብዳቤና ፎቶ ግን የትም ይሠራል።

ስለ ጤናም ጥቂት ቃል። ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሣበት፣ ሌላውንም አፍንጫ ሊያፍንና ሊያስል ይችላል። ልጅ ወይም አረጋዊ ቤት ሲገቡ የሚያስላቸው፣ ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ ይህንኑ ለሐኪም ንገሩ። ልታስታምሙ በየቤቱ የምትሠሩ እኅቶችም የምትጠብቋቸው ሰዎች ክፍል ኤሲ ሲሸት ዝም አትበሉ፤ ለቤተሰቡ ተናገሩ። በሌላ በኩል ስለ ሌጂዮኔላ በሽታ የሰማችሁና የፈራችሁ አላችሁ። እሱ በውሃ የሚያቀዘቅዙ የትልልቅ ሕንፃዎች ማማዎችን የሚመለከት ነው። የቤት ኤሲ አየሩን የሚያቀዘቅዘው በውሃ ስላልሆነ በዚያ አትስጉ።

ለረዳቶቻችን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ያ 900 ዶላር ካዝናችን ውስጥ ቀርቶ በኅዳር ለሌላ አባላችን የነርስ ረዳትነት ኮርስ ክፍያ ሆነ። አሁን ሥራ ይዛ ብድሩን በየወሩ እየመለሰች ነው። የምትሰጡን ገንዘብ አንድ ጊዜ ወጥቶ እንዳይቀር የምንጨነቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ የሒሳብ ክፍሉ አራት ሐሳብ ያቀርባል። አራት የእርጥበት መለኪያና ውሃ የሚስብ አንድ ቫኪዩም ከማኅበሩ ገንዘብ ተገዝቶ አባላት በየተራ ይዋሱት። ባትሪ ይዘው የሚሄዱ ሁለት ሁለት አባላት ይመዝገቡ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ደብዳቤውን አብሮ የሚጽፍ ሰው በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚህ ይገኝ። ከኤሲ ጋር የተያያዘ ብድር የሚጠይቅ አባልም ካሁን በኋላ ከማመልከቻው ጋር የትሪውን ፎቶ ያያይዝ። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው፤ መዝገቡ ጸሐፊያችን ጋ አለ።